እምቢ ያላለ ሁሉ ፈቅዷልን?

አቅራቢ 1፦ ስፔን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው ሕግ፣ በሕይወት ሳለ እምቢታውን ያልገለጸ ሰው ከሞተ በኋላ አካሉን ለመለገስ እንደፈቀደ ይቆጠራል።

አቅራቢ 2፦ በተግባር ግን ቤተሰብ ሳይጠየቅ አንድም ኩላሊት አይወጣም። ቤተሰብ እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አቅራቢ 1፦ ስለዚህ አገሪቱን በልገሳ ከዓለም ግንባር ቀደም ያደረጋት ሕጉ ብቻ አይደለም። በ1989 በኩላሊት ሐኪሙ ራፋኤል ማቴሳንዝ መሪነት ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅት ተቋቋመ፤ በየሆስፒታሉም አስተባባሪዎች ተመደቡ፤ አብዛኞቹ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪሞች ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ሥራ የእነሱ ነው። የአንድ ልጅ የአንጎል ሞት በተረጋገጠበት ሰዓት ልቡ ገና ይመታል፣ ደረቱ በመተንፈሻ መሣሪያ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እጁም አልቀዘቀዘም። እናቱ ሞቱን እስክትረዳና እስክትቀበል ይጠበቃል፤ የልገሳ ጥያቄ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

አቅራቢ 2፦ ዌልስ በታኅሣሥ 2015፣ እንግሊዝ ደግሞ በግንቦት 2020 እምቢ ያላለ ሰው እንደፈቀደ ወደሚቆጠርበት ሥርዓት ገብተዋል። ደጋፊዎች መለገስ እየፈለጉ ሳይመዘገቡ የሚሞቱ ብዙ መሆናቸውን ያነሳሉ። ተቃዋሚዎች ሕጉን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዝምታ ፈቃድ ሊባል እንደማይገባ ይከራከራሉ፤ ይህ ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የዌልስ ሕግም ከ18 ዓመት በታች የሆኑትንና ከመሞታቸው በፊት በአገሪቱ 12 ወር ያልኖሩትን ከዚህ ግምት ውጭ አድርጓል።