አልነሣ ስላለ አሮጌ ትራክተር

አድማጮች ሆይ፤ የዛሬው ንግግር ፎርድ 8ኤን የተባለው ትራክተር አልነሣ ባለ ጊዜ የኤሌክትሪኩ መንገድ እንዴት እንደሚመረመር የሚገልጽ ነው። ይህ ትራክተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 እስከ 1952 በአሜሪካ አገር ተሠራ፤ ቍጥሩም ከ500 ሺህ ይበልጣል። ዛሬም እያደሰ የሚያርስበት ገበሬ በዚያ አገር አልጠፋም።

ገበሬው ዝናብ ሳይቀድመው ሊያርስ ማልዶ ወጥቶ ቁልፉን ቢያዞር፥ አዝራሩንም ቢጫን፥ ሞተሩ ዝም ይላል። ያን ጊዜ የብዙ ሰው ልማድ አዲስ ሞተሪኖ መግዛት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ወጪ ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፤ ሞተሩ ጨርሶ አይዞርምን፥ ወይስ እየዞረ እሳት አይይዝም? የሚለው ነው። በዚህ ትራክተር ሁለቱ መንገዶች ልዩ ልዩ ናቸውና፤ ቁልፉ የሚያዝዘው እሳቱን ነው፤ ሞተሪኖውን የሚያዝዘው ግን በማርሹ ዘንግ አጠገብ ያለው አዝራር ነው።

የማይዞር እንደ ሆነ ምርመራው ከባትሪው ይጀመር። ባትሪው 6 ቮልት ነው፤ ከትራክተሩ አካል ጋር የታሰረውም የመደመር ጫፉ ነው። 6 ቮልት ያለው ባትሪ ከ12 ቮልቱ ጋር እኩል ሥራ እንዲሠራ እጥፍ አምፔር መላክ አለበት፤ ስለዚህ ጥቂት ዝገት እንኳ ይበድለዋል። ለምሳሌ 200 አምፔር በሚያልፍበት በአንድ የዛገ መጋጠሚያ ላይ የአንድ ኦም መቶኛ እጅ ብቻ ተቃውሞ ቢኖር፥ 2 ቮልት በዚያው ይቀራል፤ ይኸውም የባትሪው ሢሶ ነው። ሢሶውን ያጣ ሞተሪኖ ያቃስታል እንጂ አያዞርም። እንግዲህ ገመዶቹ ወፍራም ይሁኑ፤ የሚታሰሩበትም ቦታ ሁሉ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፋቅ። በቀለም ላይ ገመድ አጥብቆ፥ አሠርሁ የሚል ሰው ብዙ ነው። ሲፈታ ከአካሉ ጋር የታሰረው ገመድ መጀመሪያ ይፈታ፤ ሲታሰር መጨረሻ ይታሰር፤ ያለዚያ መፍቻው ብረት ነክቶ እሳት ሲተፋ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል።

ችኩል ሰው ግን አዝራሩ እንቢ ሲለው ከጎማው ፊት ቆሞ የሞተሪኖውን መንገድ በብረት ያገናኛል። አዝራሩ ማርሹ ዜሮ ላይ ካልሆነ እንዳይሠራ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በብረት የተገናኘ እንደ ሆነ ግን ያ ጥበቃ ይታለፋል። ማርሽ ገብቶ ቢገኝ ትራክተሩ ተነሥቶ በፊቱ ያለውን ሰው በኋላ ጎማው ይጨፈልቀዋል። እንዲህ ሆነው የሞቱ አሉ።

እየዞረ እሳት የማይይዝ እንደ ሆነ አንዲት የ6 ቮልት አምፑል ትበቃለች። ቁልፉ ተከፍቶ አንዱ ሽቦዋ አካሉን፥ ሁለተኛው የቦቢናውን ጫፍ ይንካ። ደብዘዝ ብላም ብትበራ ኤሌክትሪኩ ደርሷል። ባትበራ ወደ ቁልፉ እየተመለሱ በየመጋጠሚያው መንካት ነው፤ በበራችበትና በጠፋችበት ቦታ መካከል ጉድለቱ ይገኛል። ከቦቢናው ወዲያ በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሁለት ትናንሽ ብረቶች አሉ፤ ትራክተሩ ለወራት ከቆመ ፊታቸው ይቆሽሻልና ይጠረጉ። ዲስትሪቢውተሩ ከሞተሩ ፊት ለፊት በሆነው ትራክተር ክፍተታቸው 0.38 ሚሊሜትር ነው። ምርመራው ሲያበቃ ቁልፉ ይዘጋ፤ እነዚህ ብረቶች ተነካክተው ቁልፉ ክፍት ከቀረ ቦቢናው ግሎ ይቃጠላል።