ክረምት ሳይገባ፤ ስለ ቅጥያ ክፍል አሠራር
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ንግግር)



ቤተሰብ ሲበዛ ከነባሩ ጭቃ ቤት ጎን አንድ ክፍል መቀጠል የተለመደ ነው። ታዲያ እዚያ የሚተኙት ልጆቻችን ናቸውና ነገሩን በዋዛ አንየው።

1ኛ/ የባሕር ዛፍ ቋሚ ምስጥና እርጥበት ይበላዋል። መሬት የሚገባውን ጫፍ ቅርፊቱን ልጠን፣ አድርቀን፣ ሬንጅ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት እንቀባው። ከግድግዳው ሥርም የድንጋይ መሠረት ከፍ አድርገን እንሥራ፤ ጭቃው መሬት ከነካ እርጥበት ይስባል።

2ኛ/ አዲሱን ጣራ በአሮጌው ግድግዳ ላይ አንጫነው፤ የራሱ ቋሚ ይኑረው። አዲሱ ቆርቆሮ ከነባሩ ሥር ይግባ፤ አለዚያ ዝናቡ በመገናኛው ቤት ይገባል። ሚስማሩም ከነጎማው በጉብታው ላይ ይመታ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይሆንም።

3ኛ/ ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ላብም ያንጠባጥባል። ከሥሩ ኮርኒስ ቢዘረጋ በመካከል ያለው አየር ሙቀቱንም ብርዱንም ያበርደዋል።

4ኛ/ ምርጊቱ በደንብ ሳይደርቅ ልስን አይደረግ፤ ተሰነጣጥቆ ይራገፋል።

የሰው እጅ ያጠረው ለማኅበሩ ይንገር፤ ጭቃውን በደቦ እናቦካለን። ጎርፉ ሲመጣ ከመሯሯጥ አሁን መነሣት ይሻላል።