«ቤተሰብ መከረ» ሲባል ማን መከረ?

(ከዚህ በታች የቀረበው በድሬ ዳዋ ከተማ የአንድ ሠፈር እድር ጸሐፊ በእድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። ለቦታ ብለን ጥቂት ከማሳጠራችን በስተቀር እንዳለ ነው። ዝግጅት ክፍሉ)



እኔ የታዘዝኩት የሒሳብ ሪፖርት አንብቤ እንድቀመጥ ነው። ሪፖርቱን ሰምታችኋል። ውዝፍ ያለባችሁም ስማችሁ ሲጠራ ጣሪያ ጣሪያውን ስታዩ አይቻለሁ። (ሳቅ) ዳኛችን ጥቂት ደቂቃ ስለፈቀዱልኝ ደግሞ መዝገብ ውስጥ ስለማይገባ ነገር ልናገር። እኛ የድሬ ሰዎች ልጅ ስንድር፣ ልጅ ስንልክ፣ ቤት ስንሸጥ ማንን ሰምተን ነው የምንወስነው? ማንንስ ሳንሰማ?

እኔ የባቡር ልጅ ነኝ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ሐረር ይገባል ሲባል የነበረው ባቡር ተራራው ከበደውና ታች ቀረ፤ ይህቺም ከተማ በዚያው ምክንያት ተቆረቆረች። ስለዚህ ድሬ የመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ዘመዱን ሌላ ቦታ ትቶ የመጣ ነው። ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ። ታዲያ ሲሞት ማን ይቅበረው? እድሩም አፎቻውም የጠነከረው ከዚህ ጥያቄ የተነሳ ይመስለኛል።

የእናቴን ነገር ላንሳ። የሠፈር እድር ነበራት፣ የማርያም ማኅበር ነበራት፣ ከፊራ ከሚነግዱ ሴቶች ጋር እቁብ ትጥል ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ሐረሪ ነበሩ፤ በአፎቻቸው ሐዘንም ሰርግም ሲኖር እናቴ ሆጃዋን ጠጥታ፣ ወሬዋን ሰብስባ ነው የምትመለሰው። አባቴ ደግሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች እድር ነበረው፤ ማታ ማታ በርጫ ላይ ከአፈተ ኢሳ ልጆች ጋር ይቀመጣል። እንግዲህ አንድ ነገር ሲመከር እቤታችን የሚገባው ወሬ ከስድስት አቅጣጫ ነበር። እናቴ የምትሰማውን አባቴ አይሰማም፤ አባቴ የሚሰማውን እናቴ አትሰማም። ሲጨቃጨቁ አድረው ጠዋት ይወስናሉ። ያኔ ጭቅጭቁ ያናድደኝ ነበር።

መንግሥትም ቢሆን ሰውን በመረብ መያዝ ያውቅበታል። «አንድ ለአምስት» ብሎ አደራጅቶን እንደነበር ማን ይረሳል? ያ መረብ ግን ወሬ የሚያመላልሰው በአንድ በኩል ብቻ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ማን ምን አለ የሚለው ብቻ ነው። ከተማችንንም ለዓመታት «40፣ 40፣ 20» ብለው በብሔር ሸንሽነው ሥልጣን ሲከፋፈሉባት ኖረዋል። በጥር 2011 ወጣቱ ይብቃ ብሎ አደባባይ የወጣው ያለ ነገር አይደለም። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ እናቴ በየትኛው ፐርሰንት ውስጥ ትገባ ነበር? አቦ ተዉኝ! ይህንን ልተወውና ወደራሳችን ልመለስ፣ የራሳችን ይብሳል።

የእህቴን ልጅ አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። በ2003 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣላትም። «ሳዑዲ ልሂድ» አለች። እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰበሰብን። እኔ አለሁ፣ ሁለት አጎቶቿ አሉ፣ የክርስትና እናቷ አለች፣ አንዲት የእድራችን እናትም ነበሩ። አምስት ሰው። እኔ የተማርኩ ነኝ ተብዬ መጀመሪያ ተጠየቅሁ። «አንዲት የሠፈራችን ልጅ ሄዳ ለእናቷ ቤት አድሳለች፣ ሊሾ አስደርጋለች፤ ትሂድ» አልኩ። ቀጥሎ አጎቷ «እኔም ስለ አንዲት ልጅ ሰምቻለሁ፣ ፍሪጅ ልካለች» አለ። የክርስትና እናቷም ሰምታለች፣ የእድሯ እናትም ሰምተዋል። አምስት ሰው መሰከረ። የእቁቡን የመጀመሪያ ዕጣ ለምነን አስለቀቅንላት፣ ደላላው ተከፈለው፣ ልጅቷም ሄደች።

አሁን ስሙኝ። ቆይቼ ሳጣራ አምስታችንም ያወራነው ስለ አንዲት ልጅ ኖሯል። ሊሾ ያስደረገችውም ፍሪጅ የላከችውም አንዷ ናት። የሰማነውም ከአንድ ሰው አፍ ነው፤ ከእናቷ። እሳቸው በቀብር ላይ ለአንዱ፣ በማኅበር ለሌላው፣ በቡና ለሦስተኛው አውርተዋል። እኛ አምስት ምስክር መስሎን ነበር፤ ለካ አንድ ምስክር አምስት ጊዜ ነው የሰማነው!

ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ነበር። ቦስተን አጠገብ ባለች ከተማ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ሥራውን በማን በኩል አገኛችሁት እያለ ጠይቆ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፉ አስፍሯል። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ ወሬውን ያመጣላቸው ሰው በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ የሚያገኙት የቅርብ ወዳጅ የነበረው 17 በመቶ ለሚሆኑት ብቻ ነው። የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አንድ ድስት ነው የምትበሉት። አዲስ ነገር የሚመጣው ሌላ ድስት ከሚበላው ነው። ሰውየው ያጠናው ስለ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ሳነበው የታየኝ የእህቴ ቤት ቡና ነው።

ልጅቷስ? ስትደውል «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። እናቷ የእቁብ ዕዳ እየከፈለች መሆኗን ስለምታውቅ ሌላ ምን ትበል? ከዓመት በላይ ደመወዝ አልተከፈላትም ነበር። በኋላ ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ ወጣች፤ ወረቀት የላትም። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ዐረቢያ ወገኖቻችንን ማባረር ስትጀምር፣ ከ160 ሺህ በላይ ሆነው ከተመለሱት መካከል እሷም ነበረች። በአንዲት ፌስታል መጣች።

ይህ ሁሉ ሲሆን እህቴ በዚህ ሠፈር ሲጠይቋት «ደህና ናት፣ ተመስገን» ትል ነበር። እኔም እንደዚያው። ውሸት ነው እንዳልል፣ ስልኩ ያለንን ነው ያወራነው። ግን ያንን ሰምተው እዚህ የተቀመጡ አንድ አባት የራሳቸውን ልጅ ላኩ። ስም አልጠራም፤ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። የተሳሳተ ምስክር ሰማን ብዬ ሳማርር፣ በተራዬ ምስክር ሆኛለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነው። ያኔ፣ በ2003፣ ከእህቴ ቤት ሁለት በር አልፎ አንዲት ሴት ተከራይታ ትኖር ነበር። ዛሬም አለች፤ እንጀራ ትሸጣለች። ከሪያድ ወገቧ ተጎድቶ የተመለሰች ናት። እንጀራዋን እየበላን ታሪኳን አናውቀውም። የእድራችን አባል አይደለችም፤ ተከራይ ናት፣ መመዝገቢያውን በአንድ ጊዜ መክፈል አልቻለችም። ስለዚህ ቀብር ላይ አትቀመጥም፣ ቡና አትጠራም። የእህቴ ልጅ ከተመለሰች በኋላ ሄጄ «ምነው እህቴ፣ ሳትነግሪን?» አልኳት። ምን አለችኝ?

«ማን ጠየቀኝ ጋሼ? ብናገርስ ቀንታ ነው ትሉኝ የለ!»

እውነቷን ነው። እንል ነበር።

እድራችንን ላጣጥል አይደለም የቆምኩት። በሐምሌ 1998 ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። በማግስቱ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። የኛ እናቶችና የአፎቻ እናቶች በአንድ ድስት ሲያበስሉ፣ የኛ ድንኳን የማን ሐዘንተኛ እንደሆነ ሳይጠየቅ ሲተከል አይቻለሁ። ጡሩምባ ነፊያችን ድምፁ እስኪዘጋ ነፍቷል። ከደረሰ በኋላ እኛን የሚያህል የለም። ግን እናስበው፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ እንሻገርበታለን፣ እንነግድበታለን። ያን ሌሊት ከባዱ ዝናብ የወረደው በደቡብ በኩል፣ ደጋው ላይ ነው። ደጋ ያለው ሰው ዝናቡን አይቷል፤ እዚህ ያለው ተኝቷል። ላይ ያለው ያየውን ለታችኛው የሚያደርስ መረብ ያኔ አልነበረንም። የእድር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

እንግዲህ አጀንዳው መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል አለ። እኔ በዚያ ሥር ሁለት ነገር አስመዝግቤያለሁ። አንደኛው፣ ተከራዮች መመዝገቢያውን በአሥር ወር ከፍለው እንዲጨርሱ ይፈቀድ የሚል ነው። ገንዘብ ያዣችን ፊታቸውን እንዳጨማደዱ አይቻለሁ፤ ሒሳቡን ግን አብረን ሠርተነዋል፣ ካዝናችን አይጎዳም። ተከራይ ነገ ጥሎን ይሄዳል የምትሉ አላችሁ። ይሂድ! እስኪሄድ የሚነግረን አያልቅም፤ ከሄደ ደግሞ ካለበት ሆኖ የሚነግረን ይኖራል።

ሁለተኛው፣ በየሦስት ወሩ በምናደርገው ስብሰባ ላይ ከውጭ የተመለሰ፣ ነግዶ የከሰረ፣ መሬት ገዝቶ የተጭበረበረ ሰው አሥር ደቂቃ እንዲናገር ነው። ያለፈለት ሰው በራሱ ጊዜ ያወራል፣ ለእሱ አጀንዳ አያስፈልግም። የከሰረው ግን ካልተጠየቀ አያወራም። አንድ ደንብ ብቻ ይኑር፤ ተናጋሪውን ማንም እንዳይመክረው፣ ማንም «ብዬህ ነበር» እንዳይለው። እሱን ለሚል ሰው ቀብር እንደቀረ ሰው ቅጣት ይጻፍበት፤ እኔ እመዘግባለሁ። (ሳቅ)

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ስብሰባ እናገራለሁ ብላለች። ለዛሬ ግን ያቺ እንጀራ ሻጭ እህታችን መጥታለች። አባል አይደለሁም ብላ ውጭ በር ላይ ቆማለች። ዳኛችን ከፈቀዱልኝ ልጥራት፤ እናንተም እዚያ ፊት ያለውን ወንበር ልቀቁላት፣ ወገቧ አግዳሚ ላይ አያስቀምጣትም።