ደም ማነስ፣ ጨጓራና የመንፈስ ጤንነት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የምሥረታ በዓል ሲከበር ስለ ምርት፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ይሁን እንጂ ሞፈር የሚጨብጠው ክንድና ሒሳብ የሚከታተለው አእምሮ ጤነኛ ካልሆኑ የተቀረው ሁሉ ዋጋ አይኖረውም። በየቤቱ ስሙ ሳይታወቅ የአምራቹን አቅም ከሚያሟጥጡት ችግሮች አንዱ በአይረን ማለትም በብረት ማዕድን እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ወባና ሌሎች በሽታዎችም ደም ያሳንሳሉ፤ ሆኖም የአይረን እጥረት ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ነው።

አይረን በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ለመሥራት ያስፈልጋል። አእምሮም ስሜትንና ትኩረትን የሚቆጣጠሩ ንጥረ ነገሮችን የሚያዘጋጀው በአይረን እገዛ ነው። ስለዚህ እጥረቱ ሲበረታ ሰውየው ይደክመዋል፣ ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታል፣ ያዞረዋል። ከዚህም አልፎ ይነጫነጫል፣ ነገር ይረሳል፣ ከሰው ይርቃል፤ ድብርትም ሊጫነው ይችላል። በአረም ወቅት ቀድማ ትወጣ የነበረች እናት ወደ ኋላ ስትል ጎረቤት «ሰነፈች» ይላታል፤ በትምህርቱ የደከመ ልጅም «ልቡ የለም» ይባላል። ይህ ፍርድ በሕመም ላይ ሐዘን ይጨምራል እንጂ መድኃኒት አይሆንም።

የሆድ ሕመምና ደም ማነስ በሦስት መንገድ ይገናኛሉ። አንደኛ፣ የሆድ ችግር ደም ያሳንሳል። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል በባዶ እግር በኩል ገብቶ አንጀት ላይ ደም ይመጣል። የጨጓራ ባክቴሪያና ቁስለት፣ እንዲሁም ለወገብ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጡ እንደ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የአይረን እጥረቱ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ምላስ ያቆስላል፣ የአፍ ጠርዝ ይሰነጥቃል፤ አፈር የመብላት አምሮትም ያመጣል። ሦስተኛ፣ የአይረን እንክብሉ ማቅለሽለሽ፣ ቁርጠትና ድርቀት ሊያስከትል ስለሚችል ብዙ ታካሚዎች ሳይጨርሱ ያቋርጡታል። ያን ጊዜ ድካሙም ድብርቱም ባለበት ይቀራል።

በመሆኑም የጨጓራ ሕመም፣ ድካምና የመንፈስ መውደቅ አብረው የታዩበት ሰው የጨጓራ መድኃኒት ብቻ ገዝቶ መመለስ የለበትም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደምና የሰገራ ምርመራ ማድረግ ይገባዋል። እንክብል ከመዋጥ ጋር የደም ማነሱ ምክንያት መታወቅ አለበት። በተለይ ወንዶችና የወር አበባ ያቆሙ ሴቶች ደም ሲያንሳቸው በሆድ ውስጥ የሚደማ ነገር እንዳለ መጣራት አለበት። እንክብሉ ሰገራን ማጥቆሩ የተለመደ ነው፤ እንክብል ሳይወስዱ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር መታከም ያስፈልጋል። እንክብሉ ሆድ ካስቸገረ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይቀላል፤ ባለሙያውም መጠኑን ሊያስተካክለው ይችላል። ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ለ3 ወር ያህል መቀጠል የተለመደ ነው። ብዙ እንክብል የዋጠ ሕፃን ሕይወቱ አደጋ ላይ ስለሚወድቅ መድኃኒቱ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

በማዕድ ላይም የሚደረግ አለ። ሥጋና ጉበት አይረን በቀላሉ ይሰጣሉ። ጤፍና ጥራጥሬም አይረን አላቸው፤ ነገር ግን በውስጣቸው ያለ ሌላ ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይህ እገዳ ይቀንሳል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ብርቱካን ከምግቡ ጋር ሲበሉ አይረኑ በተሻለ ይዋሃዳል። ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል። ቡና የማኅበራዊ ኑሮ ማገር ስለሆነ ይቅር አይባልም፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው ከሚጠጣ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይበቃል።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ሥራ ብቻ አይደለም። መሠረታዊ ማኅበራት በስብሰባቸው ላይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጊዜ ቢሰጡ፣ ሴት አባላት ነፍሰ ጡር ሲሆኑ እንክብላቸውን እስከ መጨረሻው እንዲወስዱ ቢያበረታቱ፣ የወረዳ ኃላፊዎችም የመጸዳጃ ቤት ግንባታንና የእንክብል አቅርቦትን ቢከታተሉ ውጤቱ በማሳም በትምህርት ቤትም ይታያል። ደሙ ተስተካክሎ ድብርቱ ያልለቀቀው ሰው ካለም እንደማንኛውም ሕመምተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሊታፈርበት አይገባም።

የዩኒየኑ ጥሪት በመጋዘን የተከማቸው እህል ብቻ አይደለም፤ ያንን እህል ያመረተው ሰው ጤናም ነው። እንግዲህ የደከመን ሰው «ሰነፍ» ከማለት በፊት «ተመርምረሃል ወይ? ተመርምረሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ አባል ልማድ ይሁን።

መልካም የምሥረታ በዓል!