የናሽቪሉ ራዲዮ ጣቢያና የገጠር ሙዚቃ



በአሜሪካ፥ በቴኔሲ ግዛት ዋና ከተማ በናሽቪል የሚገኘው ደብልዩ ኤስ ኤም የተባለው የራዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በኦክቶበር 1925 ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ያቋቋመው የመድን ኩባንያ ሲሆን፥ ሦስቱ የመጠሪያ ፊደላትም «የሚሊዮኖች ጋሻ ነን» የሚል ትርጉም ካለው የኩባንያው መፈክር የተወሰዱ ናቸው። ስለዚህ ጣቢያው የተወለደው ለመድን ገበያ እንጂ ለገጠር ሙዚቃ አልነበረም።

ጆርጅ ሔይ ከቺካጎ መጥቶ የፕሮግራም ኃላፊነቱን እንደ ያዘ፥ በኖቬምበር 28 ቅዳሜ ማታ አንክል ጂሚ ቶምሰን የተባሉ የ77 ዓመት ሽማግሌ ከማይክሮፎኑ ፊት ቀርበው ቫዮሊን እንዲጫወቱ አደረገ። ዜማው ከአባት ወደ ልጅ በጆሮ የሚተላለፍ የመንደር ዜማ ነበር። ሽማግሌው አንድ ሰዓት ያህል ተጫወቱ፤ አድማጩም ስለ ወደደው የቅዳሜው ዝግጅት ቋሚ ሆነ።

ነገሩ ለሁሉም ደስ አላሰኘም። ናሽቪል በኮሌጆቿ የምትኮራ፥ ራሷንም «የደቡብ አቴና» የምትል ከተማ ስለ ነበረች፥ ስሟ ከገጠሬ ጭፈራ ጋር መነሣቱ መኳንንቷን ያሳፍር ነበር። ሔይ ግን በ1927 ከኒው ዮርክ የሚተላለፈው የክላሲካል ሙዚቃ ሰዓት እንዳበቃ፥ ታላቁን ኦፔራ በገጠሬ አነጋገር አጣሞ ዝግጅቱን «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» አለው። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ።

ኩባንያው ሐፍረቱን የቻለበት ምክንያት አያስቸግርም፤ የመድን ሻጮቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ የኦፕሪ ስም በር ያስከፍትላቸው ነበር። በ1932 የማሠራጫው ኃይል ወደ 50,000 ዋት ሲያድግ፥ የመካከለኛ ሞገድ በሌሊት ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ሩቅ ስለሚደርስ፥ የ650 ኪሎ ኸርዙ ድምፅ ከቴኔሲ አልፎ በብዙ ግዛቶች ይሰማ ጀመር። በሌላው ሰዓት ግን ጣቢያው ለብዙ ዓመታት የዳንስ ኦርኬስትራና ሌላም ልዩ ልዩ ዝግጅት ያሰማ ነበር። በ2002 መጀመሪያ ባለቤቶቹ ጣቢያውን የስፖርት ወሬ ማሰሚያ ለማድረግ ባሰቡ ጊዜም ያስተዋቸው የአድማጩ ተቃውሞ ነው።

የአድማጭ ፍቅር ግን ለሁሉም ጋሻ አልሆነም። ዲፎርድ ቤይሊ የተባለው ጥቁር ሙዚቀኛ በሐርሞኒካ የባቡር ድምፅ እያሰማ ከኦፕሪ የመጀመሪያ ኮከቦች አንዱ ሆኖ ሳለ፥ ከባልደረቦቹ ጋር ለትርኢት ሲዞር ነጮቹ የሚያድሩበት ሆቴል አይቀበለውም ነበር። በ1941 የራዲዮ ጣቢያዎች አስካፕ ከተባለው የደራስያን ማኅበር ጋር በክፍያ ሲጣሉ የማኅበሩን ዜማዎች ማሰማት አቆሙ። የቤይሊ ታዋቂ ዜማዎችም በዚያው ማኅበር ሥር ነበሩ። አዲስ አምጣ ተባለ፤ ሕዝቡ የሚጠይቀው የቀድሞዎቹን ነውና ተሰናበተ። ሔይ በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ ምክንያቱን የቤይሊ ስንፍና አደረገው፤ ዘሩንም ጨምሮ ነካበት። ይህ ፍርድ ለሔይ ክብር የሚጨምር አይደለም።

ቤይሊ በናሽቪል ጫማ የሚያስጠርግበት ቤት ከፍቶ ኖረ። በ1974 ወደ ኦፕሪ መድረክ ተመልሶ ተጫወተ፤ በ1982 ዐረፈ። ስሙ በካንትሪ ሙዚቃ የክብር መዝገብ የገባው በ2005 ነው።