የባሕሩ ደፍ
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ አንድ ስሕተቴን ልነግራችሁ ነው። ከዚህ ግቢ ወጥቼ ስለ ውቅያኖስ ማጥናት ስጀምር ዘመድ ሁሉ «ባሕር የሌለው አገር ልጅ፣ ባሕር ምን ያደርግልሃል?» ይለኝ ነበር። እኔም ጎረቤታችንን፣ ቀይ ባሕርን መረጥኩ።

ቀይ ባሕርን እንደ ቤት አስቡት። ውስጡ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው። የደቡብ በሩ ባብ ኤል መንደብ ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ 137 ሜትር ገደማ ብቻ የሚጠልቅ ደፍ አለ። ፀሐይ በየዓመቱ 2 ሜትር ያህል ውሃ ታተናለች፤ የሚተካ ትልቅ ወንዝ የለም። የቀረው ውሃ ጨው ይበዛበታል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ ከዚያም ያንን ደፍ ተሻግሮ በሥር በኩል ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይወጣል። የመውጫውን ልክ የሚወስነው ደፉ ነው።

የኮምፒውተር ሞዴል ባሕሩን በሣጥን በሣጥን ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ሣጥን አንድ ጥልቀት ይሰጣል። የኔ ሣጥኖች ጎናቸው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ የባሕሩ በር ግን በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱን በአማካይ አስላሁት። ቦዩ ከደለሉና ከየብሱ ጋር ተደምሮ ጠፋ! ኮምፒውተሩ ምንም አላለም። ጨዉ ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ነፋሱን መረመርኩ፣ ትነቱን መረመርኩ፤ ወራት አለፉ። በመጨረሻ አማካሪዬ «ለመሆኑ ወለሉን አይተኸዋል?» አሉኝ። ካርታውን ስከፍት በሩ ተዘግቷል። ቦዩን በእጄ መልሼ ቆፈርኩት፤ ጨዉም ረጋ።

ይህ የቀይ ባሕር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በግሪንላንድና በአይስላንድ መካከል ያለውን ደፍ ተሻግሮ የሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃም፣ ሞዴሉ ቁልቁለቱን እንደ ደረጃ ከሣለው፣ ከመጠን በላይ ተደባልቆ ክብደቱን ያጣል። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዘመናዊ መሣሪያ የተለካው የዓለም ባሕር ወለል ሩብ ያህሉ ነው።

እኛን ምን አገባን? በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ ያስቀረብንን ዝናብ ገበሬው ያስታውሳል። የዝናባችን ትንበያ በውቅያኖስ ሞዴል ላይም ይቆማል።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። ለተማሪዎቻችን እኩልታውን ስታስተምሩ ካርታውንም አብራችሁ ዘርጉላቸው። ውጤት ያለ ማስጠንቀቂያ ሲሳሳት፣ መጀመሪያ ደፉን እንዲያዩ።