ጋኑ ሲመረግ፣ ጋኑ ሲከፈት፦ እርሾና ተረፈ ምርት
(በምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ስለ እርሾ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ የታወሰኝ ላብራቶሪ አይደለም፤ የጠላ ጋን ነው። ወልድያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እናቶቻችን ጥንስሱን ጥለው፣ ድፍድፉን ጨምረው፣ የጋኑን አፍ ይመርጉታል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቋቸው «እንዳይነፍስበት ነዋ!» ይሏችኋል። ትክክል ናቸው። እርሾ አየር ሲያጣ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ንጹሕ አየር እየተነፋለት ስኳሩ በጥቂት በጥቂቱ ሲሰጠው ግን የሚበላውን ለራሱ አካል መሥሪያ ያውለዋል፤ ይራባል። ከ1 ኪሎ ግሉኮስ በስሌት ቢበዛ 511 ግራም አልኮል ይወጣል። በአየር ከሆነ ደግሞ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ እርሾ ይገኛል፤ የእሱም ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ሁለቱም መንገዶች ፋብሪካ ገብተዋል። የመጀመሪያውን እኛም አገር እናውቀዋለን። ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ሲመረት ሞላሰስ የሚባለው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይቀራል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ አሁንም ስኳር ነው፤ ግን ከዚያ በላይ ማውጣት አያዋጣም። ፊንጫና መተሐራ ይህን ለእርሾ ሰጥተው ኢታኖል አመረቱ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ።

ሁለተኛውን መንገድ ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተጠቅመውበታል። የውጭ መኖ ሲቋረጥባቸው እርሾን በሞላሰስና በአሞኒየም ጨው አሳድገው ከብት መገቡ። አሞኒየሙ ለምን? ስኳር ናይትሮጅን የለውም፤ ያለ ናይትሮጅን ደግሞ ፕሮቲን አይሠራም። ገበሬው ማሳው ላይ ዩሪያ የሚበትነው በዚሁ ምክንያት አይደል?

እንግሊዞች ደግሞ የቢራ ፋብሪካ የሚጥለውን እርሾ ራሱን ወደ ምግብ ለወጡት። በበርተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 የተቋቋመው ማርማይት ዳቦ ላይ የሚቀባ ምርት ሆኖ እስከ ዛሬ ይሸጣል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አታለልኳችሁ ማለት ነው። እርሾ ተረፈ ምርትን አያጠፋውም፤ መልኩን ይለውጠዋል። ከሞላሰስ 1 ሊትር ኢታኖል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚደርስ ቡናማ ፍሳሽ ይቀራል። ወንዝ ውስጥ ከተለቀቀ ኦክስጅኑን አሟጥጦ ዓሣ ይገድላል። የእርሾ መኖም የራሱ ጣጣ አለው። በሕይወት ያለ እርሾ ከብቱን ሊነፋው ስለሚችል አስቀድሞ በሙቀት መገደል አለበት። ለሰው ምግብ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው ኑክሊክ አሲድ በሰውነት ውስጥ ዩሪክ አሲድ ስለሚሆን ልክ ይበጅለታል።

የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ ከአይብ የተረፈ አጓት አግኝቼ የዳቦ እርሾ ጨመርኩበትና ከድኜ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ አረፋ የለም። በሦስተኛው ቀን እርሾው ተበላሽቷል ብዬ ለመምህሬ ነገርኳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ምን አብልተኸው ነው?» አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነበር። የአጓት ስኳር ላክቶስ ነው፤ የዳቦ እርሾ ደግሞ ላክቶስን የሚሰብር ኢንዛይም የለውም። ያንን የሚችለው ክሉይቬሮማይሲስ የሚባለው ሌላ ወገን ነው፤ አየርላንድ ውስጥ ከአጓት አልኮል የሚያመርቱት በእሱ ነው። እኔ እርሾውን መርጬ ሥራ ጀመርኩ እንጂ ተረፈ ምርቱን አላወቅሁትም ነበር። ዛሬ ለእናንተ ያለችኝ አንዲት ምክር ይህችው ናት፦ መጀመሪያ ተረፈ ምርቱን እወቁት። ስኳሩ ምን ዓይነት ነው? ውኃው ስንት ነው? መንገዱስ ምን ያህል ይርቃል?

ኮምቦልቻን እንውሰድ። ቢራ ፋብሪካ አለ። ከቢራ ማብሊያ የሚወጣ የእርሾ ዝቃጭ ከ85 በመቶ በላይ ውኃ ነው። 1,000 ሊትር ጭነን ወደዚህ ብናመጣ ነዳጅ የምናቃጥለው በአብዛኛው ውኃ ለማመላለስ ነው፤ በሙቀትም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ እዚያው አጣርቶ ማድረቅ ያዋጣል ወይስ አቅራቢያው ላሉ ከብት አድላቢዎች መስጠት? ይህ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ነው።

ከደጃችን ደግሞ የጠላውና የአረቄው አተላ አለ። አተላ ከብት ያወፍራል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ግን በየቤቱ የሚወጣው ደረቅ ይዘቱ ስንት ነው? ፕሮቲኑስ? ስንት ቀን ይቆያል? መርሳ ያሉት የግብርና ተማሪዎቻችን በሚዛንና በማድረቂያ ምድጃ ብቻ ብዙውን ሊመልሱት ይችላሉ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጦርነቱ ወልድያ በገባበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲያችን ምን ያህል እንደተዘረፈና እንደወደመ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጠፋው መሣሪያ ሁሉ እስኪተካ ቁጭ ብለን ብንጠብቅ ብዙ ተማሪ በእጁ ሳይሠራ ይመረቃል። የእርሾ ሥራ ግን ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ የግፊት ድስትና ትዕግሥት ካለ ይጀመራል።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። በየፋብሪካው የምትሠሩ ምሩቃን፣ ኃላፊዎቻችሁን አስፈቅዳችሁ ከምትጥሉት ነገር አንድ ጀሪካን አምጡልን፤ ከየትኛው የሥራ ክፍል፣ በስንተኛው ቀን እንደወጣ ጻፉበት። መምህራኖቻችን ደግሞ ጀሪካኑ ሲመጣ የሚረከበው ተማሪ መድቡለት። ገንዘብ ማዋጣት መልካም ነው፤ ጀሪካኑ ግን ከናንተ በቀር የሚያመጣው የለም።

እናቶቻችን ከጋኑ አንዳች ነገር አልጣሉም፤ ጠላው ለእንግዳ፣ አተላው ለከብት። እኛ የተማርነው ከእነሱ በታች ልንሆን አይገባም።